የጦይባ ይመር አምስተኛ ተቀባይ

በ2091 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ከተማ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዘፋኟ ጦይባ ይመር የሚሰጠው ትምህርት አርባ ደቂቃ ነበር። ትምህርቱ የሚገኘው «ታላላቅ ሰዎቻችን» በተባለው መጽሐፍ ሰባተኛ ምዕራፍ ላይ፣ በአንድ የመንገድ መሐንዲስና በአንዲት የወባ ሐኪም መካከል ነው። ሦስት ንዑስ ርእሶች አሉት፤ ትውልዷ፣ ሥራዎቿ፣ ተጽዕኖዋ። መምህርት ሶልያና ታከለ ይህን ምዕራፍ አሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች። በሰኔ ጡረታ ትወጣለች።

ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮ የለም። ተሳፋሪዎቹ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ አንዱ ቀስ እያለ፣ አንዷ ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋን ብቻ። አንዳንድ ቀን ሾፌሩ መሪው ላይ በጣቱ የሚመታው ከማናቸውም ጋር አይገጥምም። ሶልያና መስኮት አጠገብ ትቀመጥና የሞተሩን ድምፅ ትሰማለች።

ለሕፃን ሁሉ የጆሮ ጠብታ የሚሰጠው በሦስተኛው የክትባት ቀን ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ አንድ ጠብታ፤ እናት በጥጥ ትጠርግለታለች፣ ሕፃኑ ትንሽ ይነጫነጫል፣ በዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚሰማው ዜማ ሁሉ በሱ ልክ የተሰፋ ይሆናል። ንግግርን ጠብታው አይነካም፤ ቢበዛ ሻካራውን ያለሰልሰዋል። ዜማ በሌለበት ራሱ ያፈልቃል፤ ዜማ ሲያገኝ ደግሞ፣ ከማጫወቻም ይምጣ ከሰው ጉሮሮ፣ ፈትቶ እንደ ሰሚው ልብ ይሠራዋል። ጠብታው የመጣ ጊዜ አዋቂዎችም ወስደዋል፤ የሶልያና ጆሮ ግን ሁለት ጊዜ ስለቆሰለ ጠብታው ወጥቶላት ከጤና ጣቢያ አረንጓዴ ካርድ ተሰጥቷታል። በከተማው እንዲህ ያለ ካርድ የያዙት ስድስት ሰዎች መሆናቸውን ነርሷ ነግራታለች። አምስቱን አታውቃቸውም።

ባለፈው ጥር የወንድሟ ልጅ አግብታ ሠርጉ ላይ ነበረች። አራት መቶ ሰው ጨፈረ። እያንዳንዱ በየራሱ ምት ይወርድ፣ ይነሣ ነበር፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። እሷ የምትሰማው የጫማ ፍትጊያና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር። አንዲት ዘመዷ እያላባት መጥታ «ሶሊ፣ ምነው ተቀመጥሽ? እንዲህ ያለ ዘፈን እያለ!» ብላ ጎተተቻት። ተነሥታ ትንሽ ጨፈረች። ምት ስላልነበረ የዘመዷን እግር እያየች ነበር የጨፈረችው።

ሶልያና መምህርት ከመሆኗ በፊት ለዘጠኝ ዓመት የጦይባ ይመር ተቀባይ ነበረች። ጦይባ አውራጅ ናት፤ ግጥሙን ታወርዳለች፣ አምስቱ ሴቶች ከኋላ ሆነው ይቀበሏታል። ሲለማመዱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆሙ ነበር። የጦይባ ሕግ አንድ ነው፤ «አንዳችሁን ለይቼ ከሰማሁ አምስት አልሆናችሁም» ትላቸው ነበር። ከሞተች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከተቀባዮቹም ሄለንና ቤቴል ሞተዋል፣ ፋጡማ ሞታለች። ሞሚና ሐርቡ ላይ እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ ነበረች። በስልክ ይገናኙ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ሞሚና እንዲህ አለቻት፤ «ትናንት ጦይባን ስሰማት ዋልኩ። አንቺ፣ በፊት እንዲህ ታምር ነበር እንዴ? አይመስለኝም።» ሞሚናም ጠብታ ነበራት።

ቅጂዎቹ አልጠፉም። ማንም ሰው በፈለገ ሰዓት ጦይባን ከፍቶ መስማት ይችላል። ጦይባ የዘፈነችውን የሚሰማ ግን ከሶልያና በቀር እሷ የምታውቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ያም ሆኖ እስከዚህ ዓመት ድረስ ተስፋ አልቆረጠችም ነበር። ቅጂው ቢፈታ የሰው ድምፅ አይፈታም ብላ ታምን ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ምዕራፉን ስትጨርስ መጽሐፉን ዘግታ ራሷ ታንጎራጉርላቸው ነበር። ልጆቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚያለቅስም አይጠፋም። ለአሥራ አንድ ዓመት፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ሠላሳ ልጆች አብረዋት የሰሙ መስሏት ኖረች።

የዘንድሮው ትምህርት የተሰጠው በግንቦት መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ነው።

«ቲቸር፣ ታዋቂ ማለት ምን ማለት ነው?» አላት ኢያድ። ኢያድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ሁሉን ነገር ካላጣጣለ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነው።

«ብዙ ሰው የሚያውቀው።»

«ምኗን ነው የሚያውቁት?»

«ዘፈኗን። አንዱን ዘፈን ደሴም ያለው፣ ባቲም ያለው፣ አዲስ አበባም ያለው ይሰማው ነበር።»

«ያንኑ ራሱን?»

«ያንኑ ራሱን።»

«የማይወደውስ ሰው?»

«እሱም ይሰማል። ጎረቤቱ ከፍቶት።»

ክፍሉ ሳቀ። «ፖሊስ አይጠራም?» አለ ኢያድ።

«ይጠራ የነበረም አለ» አለች ሶልያና፤ እሷም ሳቀች።

ሂክማ እጇን አወጣች። ቀጭን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ጠይቃ መልሱን ካልጻፈች አትቀመጥም። «ቲቸር፣ የሌላ ሰው ዘፈን መስማት አያሳፍርም ነበር?»

«የሌላ ሰው አልነበረም። የሁሉም ነበር።»

ሂክማ ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ጽፋም መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት።

በዚህ ዓመት የመምህሩ መምሪያ አንድ ነገር ተጨምሮበት ነበር። «ተማሪዎች የተማሩትን ዜማ በራሳቸው ድምፅ ያሳዩ» ይላል። ሶልያና እንደ ልማዷ «ቦርከና ሲሞላ»ን አንጎራጎረችላቸው።

«ቦርከና ሲሞላ ማን ያሻግረኛል፣
ጠብቂኝ ያለኝማ ከማዶ ጠርቶኛል።»

ተቀባዮቹ የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ከማዶ»፣ ሦስት ጊዜ፣ እየወረደ። እሱን ደገመችላቸው። ከዚያም «በሉ አሁን እናንተ» አለቻቸው።

ሠላሳ አንዱም አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አንድ ነበር። ዜማው ሠላሳ አንድ ነበር። አንዱ ይጣደፋል፣ አንዷ ትጎትታለች፣ ኢያድ እንደ ወታደር ሰልፍ ያስረግጠዋል፣ ከፊት ያሉት መንትዮች እንኳ አልገጠሙም። ሶልያና እጇን ጠመኔው ላይ እንዳደረገች ቆመች። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው እየተያዩ ፈገግ ይሉ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ሌሎቹን በራሳቸው ልክ ይሰሟቸዋልና። ሲጨርሱ ራሳቸው አጨበጨቡ።

«ቲቸር፣ እንዴት ነው የገጠምነው!» አለ ኢያድ። ዕድሜውን ሙሉ ያላጣጣለው የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

«ጎበዞች» አለች ሶልያና።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። አቶ ዳግም የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ትሑት፣ መምህራኑን በር ድረስ የሚሸኝ። ወንበር ሳበላት። የሆነውን ነገረችው።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ታዲያ ምኑ ጎደለ?» አለ። «ያለፈውን ዓመት ምዘና አይተውታል? ‘ጦይባ ይመርን እወዳታለሁ’ ያሉት ከመቶ ዘጠና ስምንት ናቸው። ሒሳብን እንዲህ ቢወዱልኝ ምን ነበር!»

«የወደዱት እሷን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«እኔ እንጃ። ሰምቼው አላውቅም።»

አቶ ዳግም ትንሽ አሰበ። «እኔም እኮ ልጅ ሆኜ እናቴ ታንጎራጉራት ነበር» አለና ዓይኑን ከደን አድርጎ ጥቂት አዜመ። የሚያምር ዜማ ነበር። ከጦይባ ዘፈኖች አንዱንም አይመስልም። ሶልያና እስኪጨርስ ጠብቃ አመሰገነችው።

«በሰኔ እወጣለሁ» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠብታቸው ተኝቶ ይስሟት። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

«ለምን ግን?» አላት። ተቃውሞ አልነበረም፤ ሊገባው ፈልጎ ነው።

«እኔ የምሰማውን ሌላ ሰው ሊሰማው ይችል እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስሞት ከኔ ጋር የሚቀበር ከሆነ አሁኑኑ ልወቀው።»

አቶ ዳግም መምሪያውን ገለጠ። ጠብታ ማስተኛት ይቻላል፤ ለሃያ ደቂቃ፣ ነርስ ባለችበት፣ ወላጅ ከፈረመ። ደብዳቤው የዚያኑ ዕለት ለሠላሳ አንድ ቤት ተላከ።

መልሱ በሳምንት ውስጥ መጣ። «ልጄ ትፈራለች።» «ሃያ ደቂቃ አይበዛም?» «ለውጤት ይያዛል ወይ? የማይያዝ ከሆነ ይቅርብን።» የመንትዮቹ አባት «አንዱን ብቻ ብናስተኛ ሁለተኛው ይከፋዋል» ብሎ ጻፈ። አንዲት እናት «እኛ ምን አጠፋን?» ብቻ ብላ ላከች። የኢያድ አባት መጥቶ ሶልያናን ግቢ ውስጥ አገኛትና፣ ልጁ ሌሊት ዜማውን ካልሰማ እንደማይተኛ፣ አንድ ጊዜ ሆስፒታል ለሁለት ቀን ተቋርጦበት ንግግር አቁሞ እንደነበር ነገራት። «ሲቀልድ አይተሽው ጠንካራ እንዳይመስልሽ፣ እታለም» አላት። ይቅርታ ጠየቀችው።

የፈረመችው የሂክማ እናት ብቻ ናት። ከፊርማዋ በታች «ጠይቃ ጠይቃ አደከመችኝ። ካለቀሰች ግን ወዲያው ቀስቅሱላት» የሚል ነበረበት።

ረቡዕ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በቤተ ሙከራው ሦስት ሆነው ተገናኙ፤ ሶልያና፣ ሂክማና ነርሷ። ነርሷ ከሂክማ ጆሮ ጀርባ ትንሽ መሣሪያ አስጠግታ ይዛ ቆየችና «ተኝቷል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ራሱ ይነቃል» አለች። ከዚያም ወንበሯን ወደ በሩ ስባ ስልኳን አወጣች።

ሂክማ አልተንቀሳቀሰችም። ጣሪያው በፀሐይ ሲንቋቋ ቀና ብላ አየችው። ከጎን ክፍል ወንበር ሲጎተት ተሸማቀቀች። ምራቋን ዋጠችና ጉሮሮዋን ያዘች።

«ይሄ ሁሉ ነበር?» አለች።

«ነበር።»

«ድምፅዎ ሻካራ ነው፣ ቲቸር።»

«አርጅቼ ነው።»

«አይ፣ ጥሩ ነው። ግን ሻካራ ነው።» ዙሪያዋን አየች። «ዘፈን የለም። ውስጤ ባዶ ቤት መሰለ።»

«ላቁመው?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አይሁን።

ሶልያና ማጫወቻውን ከፈተች። ቅጂው በ2056 ደሴ ውስጥ፣ አንድ የተዘጋ የእህል መጋዘን ውስጥ የተቀዳ ነው። መጀመሪያ ማሲንቆው ገባ፤ ከዚያም ጦይባ። ሶልያና ዘፈኑን አልሰማችም፤ የልጅቷን ፊት ነበር የምታየው። ሂክማ ቅንድቧን ሰብስባ፣ አንገቷን ወደ አንድ ወገን አዘንብላ ትጠብቅ ነበር። አንድ ሰው ስሟን ሊጠራት እንደሆነ ሁሉ። ሁለት ስንኝ አለፈ፤ ሦስት ስንኝ አለፈ።

«ለማን ነው የምትዘፍነው?» አለች በመጨረሻ።

«ለሰማት ሁሉ።»

«እኔን አታውቀኝም እኮ።»

«አታውቅሽም።»

«ታዲያ አይከብዳትም?» ድምፅዋ ቀጠነ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ነርሷ ከስልኳ ቀና አለች። ሂክማ ግን በመዳፏ ጠረገችና «አላለቀስኩም» አለች። «የኔ ዘፈን ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። ይቺ የት እንደምትሄድ አይታወቅም። ዝም ብላ ትሄዳለች።»

«እኛም አናውቅም ነበር። ተከትለን ነው።»

«እናንተ የታላችሁ?»

«ከኋላ። ‘ከማዶ’ የሚሉት።»

ሂክማ ወደ ማጫወቻው ተጠጋች። «የትኛዋ ነዎት?»

ሶልያና ለመመለስ አፏን ከፈተች። ከዚያም ሰማች። አምስቱ ሴቶች «ከማዶ» አሉ፤ አንድ ድምፅ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ስትሰማው የኖረችው ቅጂ ነው፤ ራሷን ፈልጋ ግን አታውቅም ነበር። የሞሚናን ወፍራም ድምፅ ከሥር ለየችው። ከላይ ቤቴልን አገኘቻት። የራሷን አጣችው።

«አይለይም» አለች። «ጥሩ ተቀባይ ለብቻዋ አትሰማም። እንደዚያ ነበር የተማርነው።»

ልጅቷ በድንጋጤ አየቻት። «ታዲያ የሉም ማለት ነው?»

«አለሁ።»

«የቱ ጋ?»

ሶልያና ወደ ማጫወቻው በአገጯ አመለከተች።

«ከመጀመሪያው ያድርጉት» አለች ሂክማ። አሁን የተኮሳተረችው በሌላ ዓይነት ነበር፤ ሒሳብ ስትሠራ እንደምትኮሳተረው። ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ጆሮዋን አስጠጋች። ማሲንቆው ገባ፣ ጦይባ ገባች፣ ተቀባዮቹ ገቡ። «ይቺ ወፍራሟ ናት?» «እሷ ሞሚና ናት።» «ይቺ ቀጭኗ?» «ቤቴል ናት።» ሁለተኛው መቀበያ አለፈ። ነርሷ ሰዓቷን አየች። ጦይባ ሦስተኛውን ግጥም አወረደች፤ ተቀባዮቹ ገቡ። ሂክማ ጣቷን ቀሰረች።

«ይቺ!»

«የቷ?»

«የዘገየችው። አራቱ ‘ከ’ ብለው ገብተዋል፤ አንዷ ‘ማዶ’ ላይ ነው የደረሰችው። ሮጣ ነው የደረሰችው።» ቀና አለች። «እርስዎ ነዎት?»

ሶልያና ማጫወቻውን አቆመች። እጇ ቁልፉ ላይ ቆየ።

ያንን ስሕተት ከሠራችው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ሞሚና በዕድሜዋ መጨረሻ ረስታው ነበር፤ እንዲያውም «መቼ ዘገየሽ? እንደውም አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምትገቢው» ብላ ተከራክራታለች። ጠብታ ያለው ሰው አይሰማውም። ጠብታ እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ያርመዋል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን ሆነው ነው?»

«ግጥሙን እየሰማሁ ነበር። ተቀባይ መሆኔን ረሳሁት።»

«ጦይባ ተቆጣችዎት?»

«ቀጂዎቹ እንደገና እንጀምር አሉ። እሷ እምቢ አለች። ‘ተዉት፣ ሰምታኛለች ማለት ነው’ አለች።»

ሂክማ ሳቀች፤ በሙሉ ጥርሷ። ከዚያ ደብተሯን ጎትታ አንድ መስመር ጻፈች። ሶልያና ምን እንደጻፈች አላየችም። በቤተ ሙከራው ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ሰምተው ነበር፤ ከሁለቱ ትልቋ ለዚህ ምን ማድረግ እንደሚገባት አታውቅም ነበርና ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ በእጇ ትጠርግ ጀመር።

«አንድ ጊዜ ልድገመው?» አለች ሂክማ። «እርስዎ ጋ ሲደርስ ላጨብጭብ።»

«ድገሚው።»

ራሷ ከፈተችው። ማሲንቆው ገባ። ሂክማ ዓይኗን ጨፍና እጆቿን አዘጋጀች። ጦይባ የመጀመሪያውን ስንኝ አወረደች፣ ሁለተኛውን አወረደች። የልጅቷ ግንባር ቀስ እያለ ተፈታ። ትከሻዋ ወረደ። እግሯ ከጠረጴዛው በታች መምታት ጀመረ፤ ለስለስ ያለ፣ ከማሲንቆው ጋር የማይገጥም ምት። ነርሷ ሰዓቷን አይታ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

ሦስተኛው መቀበያ መጣ። አራቱ ሴቶች «ከማዶ» ብለው ገቡ። የሃያ አራት ዓመቷ ሶልያና ዘግይታ፣ ሮጣ ደረሰችባቸው።

የሂክማ እጆች አልተጨበጨቡም። ዓይኗን ገለጠች።

«ቲቸር» አለች፤ «አሁን በጊዜ ገቡ።»

ደስ ሊላት ይገባ እንደሆነ ከመምህሯ ፊት ላይ ፈለገች።

«እሺ» አለች ሶልያና።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀረው ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጡ።